ጠርገን ያራቆትነው ጓሮ

እናቴ ያልተጠረገ ግቢ ካየች እጇን ይበላታል። የራሷ ይሁን የሰው፣ ለእሷ ልዩነት የለውም። በስፖንሰር አስመጥቼያት ኢስት ዮርክ በሚባል ሰፈር የምከራየው ቤት የገባች ዕለት እንኳ፣ እግሯ በጉዞ አብጦ፣ ሻንጣዋ ገና ሳይፈታ፣ የኋላውን በር ከፍታ ጓሮውን አየችና «መጥረጊያሽ የት አለ?» ነበር ያለችኝ። ተቀመጪ ብላት እንደማትሰማኝ ስለማውቅ ሰጠኋት። ግትርነቷን የወረስኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ብዙ አልተከራከርኩም።

የሚያስጨንቃት ግን ከአጥሩ ማዶ ያለው ጓሮ ነበር። ባለቤቱ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው ሽማግሌ ናቸው። በሙቀቱ ወራት አበባቸው እንደ ጉድ ያብባል። ብርዱ ሲመጣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የደረቀውን ያጭዳል፣ ቅጠሉን ጠራርጎ በቡናማ የወረቀት ከረጢት ሞልቶ መንገድ ዳር ያቆማል። እሳቸው ምንም አይነኩም። አገዳው እንደቆመ፣ የሱፍ አበባው ራሱን እንዳቀረቀረ፣ ቅጠሉ ቁርጭምጭሚት እስኪውጥ እንደተከመረ ይቀራል። እናቴ በመስኮት ታይና «ሰው የላቸውም» ትላለች። «ሰው ቢኖራቸው እንዲህ ይሆን ነበር?» እኔም እዚህ አገር አሥራ ስምንት ዓመት ኖሬ፣ የሽማግሌ ስንፍና ነው ብዬ ከማሰብ አላለፍኩም።

እናቴና ሽማግሌው ጓደኛሞች ነበሩ። በምን ቋንቋ እንዳትሉኝ። ጠዋት ጠዋት አጥሩ ጋ ይገናኛሉ። እሷ «እንደምን አደሩ?» ትላቸዋለች፤ እሳቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው በእንግሊዝኛ ስለ አየሩ ይነግሯታል፤ እሷ ደግሞ ስለ ጉልበቷ ትመልስላቸዋለች። አንድ ቀን ጆሮዬን ጣል ባደርግ የታናሽ እህቷን ሠርግ ከሽምግልናው ጀምራ እየተረከችላቸው ነው። እሳቸውም ልክ በሚያስፈልገው ቦታ ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዳምጣሉ።

ይህን እንደ ቀልድ ለሰው አወራ ነበር እንጂ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ የገባኝ ኋላ ነው። እናቴን ቤተ ክርስቲያን የምወስዳት እኔ ነኝ፤ ሐኪም ዘንድ የምናገርላት እኔ ነኝ፤ ሱቅ ውስጥ ሳይቀር አፏ እኔ ነኝ። በዚህ ሁሉ ከተማ እኔ መሐል ሳልገባ የምታወራው ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። እሳቸው የራሷ ነበሩ።

በጥቅምት ሽማግሌው ከኋላ በራቸው ደረጃ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። አምቡላንስ ወሰዳቸው። ቫንኩቨር የምትኖር ልጃቸው ደውላ ደብዳቤያቸውን እየሰበሰብኩ እንዳቆይ ለመነችኝ፤ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ማገገሚያ ስለሚገቡ ከአምስት ሳምንት በፊት እንደማይመለሱም ነገረችኝ። ይህን ለእናቴ ስነግራት ከንፈሯን መጠጠችና መስኮቱ ጋ ሄደች።

«እሳቸው ታመው ተኝተው አዝመራቸው ሜዳ ላይ ይቅር?» አለች።

«አዝመራ አይደለም እማዬ፤ አበባ ነው።»

«ሱፉስ? ሱፍ አበባ ነው?»

በእሷ አገር የታመመ ሰው ማሳ ሜዳ ላይ አይቀርም። ጎረቤት ደቦ ወጥቶ ያጭድለታል፣ ይወቃለታል፣ ጎተራው ድረስ ያስገባለታል። ሰውየው ከአልጋው ሲነሣ መጀመሪያ የሚያየው የሞላ ጎተራ ነው። ከዚህ የበለጠ መድኃኒት የለም ትላለች። እናም ደቦ ጠራች። የደቦው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከሥራ አንድ ቀን ፈቃድ ወስጄ ከማለዳ እስከ ማታ ሠራን። አገዳውን ከሥሩ እየቆረጥን አሰርን። ቅጠሉን ከአጥሩ ሥር፣ ከቁጥቋጦው ውስጥ፣ ከደረጃው ታች እየጎተትን አወጣን። ዐሥራ አንድ ከረጢት ሞላ። እኔ አበቃን ስል እሷ በመጥረጊያዋ አፈሩን ጠርጋ አውድማ አስመሰለችው። ወገቤ ተቆርጦ ነበር፤ እሷ ግን በዚያ ቀን ያላትን ደስታ እዚህ ከመጣች አይቼባት አላውቅም። ለሰው የምትጠቅም ሆና መገኘቷ ነበር ደስታው።

የሱፍ አበባው ራስ ከረጢት ውስጥ አልገባም። «እህል አይጣልም» አለች። ምድር ቤት፣ ማሞቂያው አጠገብ አንጥፋ አደረቀችው፤ በዱላ ወቃችው፤ በረንዳ ላይ ወጥታ በሰፌድ አንፍሳ ገለባውን ለነፋስ ሰጠችው። የሚበዛውን ለባለቤቱ ለየች፤ ቆልታ፣ ወቅጣ፣ ነፍታ በትልቅ የማር ጠርሙስ ሞላችላቸው። የቀረውን ለእኛ አስቀረች። ጾመ ነቢያት ገብቶ ስለነበር ሱፍ ፍትፍት ሠራችልኝ። መካድ አልችልም፤ ጣቴን እየላስኩ ነው የበላሁት።

ከረጢቶቹን የከተማው መኪና ወሰዳቸው።

ሽማግሌው ኅዳር ማብቂያ ላይ መደገፊያ ዎከር እየገፉ ተመለሱ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጠርሙሱን በሁለት እጇ ይዛ፣ እኔን አስከትላ ሄደች። በሩን ከፈቱልንና ብዙም ሳያናግሩን ወደ ወጥ ቤታቸው መስኮት ተመለሱ። ቆመው ጓሮውን ያዩ ነበር። ደስታ አፋቸውን የዘጋው መሰለኝ።

«ማን ነው ይህን ያደረገው?» አሉ።

እኔ ሞኟ ደረቴን ነፍቼ «እናቴ ናት» አልኩ።

ዐይናቸው ወደ እሷ ሄደ። ጠርሙሷን ታቅፋ ፈገግ ብላ ትጠብቃለች። እሳቸውም «አመሰግናለሁ በይልኝ፤ ብዙ ደክመዋል» አሉ። ተረጎምኩላት። እሷም ምርቃቷን አዥጎደጎደችና «ሾርባ ጥጄአለሁ፣ ላምጣላቸው» ብላ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ሁለታችን ብቻ ስንቀር ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸው። በቁጣ ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር፤ በቁጣ አልተናገሩም። አበባውን የተከሉት ሚስታቸው እንደሆኑ ነገሩኝ። ሴትዮዋ በኖሩበት ዘመን ሁሉ ብርዱ ወጥቶ ምድሩ እስኪሞቅ አንድ አገዳ አያስነኩም ነበር። ባዶው አገዳ ውስጥ ትናንሽ ንቦች ገብተው ይተኛሉ። ቅጠሉ ሥር ቢራቢሮ የሚሆኑት ትሎች፣ ጉርጦችም ብርዱን ያሳልፋሉ። ሱፉ ደግሞ የወፎቹ ስንቅ ነው። በረዶው ሁሉን ነገር ሲሸፍን እየመጡ ራሱ ላይ ተንጠልጥለው ይለቅማሉ። ሚስታቸው ሊሞቱ ሲሉ አልጋቸውን እዚሁ መስኮት ሥር አስደርገው የብርዱን ወራት ሙሉ እነዚያን ወፎች እያዩ ነበር የሰነበቱት። «ሆስፒታል ሆኜ ይህን ለማየት ነበር የቸኮልኩት» አሉኝ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የማደርገው ቢጠፋኝ ጠርሙሱን አነሣሁ።

«እሱስ ምንድን ነው?» አሉ።

«የእርስዎ ሱፍ ነው» አልኳቸው። «እናቴ ቆልታ ወቅጣው ነው።»

ክዳኑን ከፍተው አሸተቱት። ከዚያ ሳቁ። ዳሌያቸውን እስኪያማቸው ሳቁ፣ ዐይናቸውን ጠረጉ፣ እንደገና ሳቁ። እንባው የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። የእናቴ ኮቴ ደረጃው ላይ ሲሰማ ክንዴን ያዝ አድርገው «እንዳትነግሪያት» አሉኝ።

ቤቴ ስገባ ተናደድኩ። መጀመሪያ የተናደድኩት በእሳቸው ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ያለው ሰው ለጎረቤቱ አይናገርም? ቀጥሎ በእናቴ፤ ማን ጥረጊ አላት? መጨረሻ ላይ ንዴቱ የሚገባበት ሁሉ ጠፍቶ ራሴ ላይ አረፈ። እንግሊዝኛ የማውቀው እኔ ነበርኩ። መጠየቅ የምችለው እኔ ነበርኩ።

ጥፋቴን በድብቅ ላርም ተነሣሁ። የወፍ መመገቢያ ገዝቼ መስኮታቸው ፊት ሰቀልኩ፤ የሞላሁበትን እህል ሽኮኮ በአንድ ጠዋት ሙልጭ አድርጎ በላው። ሌላ ገዛሁ፣ ሽኮኮ አይደርስበትም የተባለውን። ሽኮኮው የተባለውን አልሰማም ነበር። በረዶው ጣለ። ወፍ የለም። የሚያርፉበት አገዳ፣ የሚደበቁበት ጥሻ በሌለበት ሜዳ ማን ይመጣል? ሽማግሌው ጠዋት ጠዋት ስኒያቸውን ይዘው መስኮቱ ጋ ይቆማሉ፤ ባዶውን ጓሮ ያዩና ስኒያቸውን ሳይጨርሱ ይመለሳሉ። አንጀቴን በሉት።

ለእናቴ ደግሞ ሌላ ክፉ ጊዜ ነበር የመጣባት። ዳሌያቸው ገና ስላልጠና፣ ምድሩም ስለሚያንሸራትት አጥሩ ጋ መምጣት ቀርቷል። እሷ ጉልበቷን እየጎተተች ትወጣና በረዶው ውስጥ ቆማ እጇን ታወዛውዝላቸዋለች። እሳቸውም በመስታወቱ ያወዛውዙላትና ዐይናቸውን ወደ ጓሮው ይመልሳሉ። ሰነበተች፣ ታዘበች። አንድ ጠዋት ነጠላዋን እንደለበሰች ወጥ ቤት ገብታ ተቀመጠች።

«ቅር ብሏቸዋል» አለች።

«ብርዱ ነው እማዬ። ሰው ዊንተር ላይ እንዲህ ይሆናል።»

«እኔን የብርድ ፊት ከቅሬታ ፊት የማልለይ አድርገሽ ነው? ምን አደረግኳቸው?»

ልዋሽ አፌን ከፈትኩ። ግን ቁጡ ሰው ጥሩ ውሸታም አይሆንም። ለሳምንታት ያመቅኩት ሁሉ በአንዴ ገንፍሎ «የወፎቹን ቀለብ ነው የበላነው!» ብዬ ጮህኩባት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ ንቦቹን፣ ቅጠሉን፣ ሚስትየዋን፣ አልጋውን። ስጨርስ በጮህኩት እያፈርኩ እጇን ልይዝ ብሞክር ሰበሰበችው።

«ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» አለች፤ ስለ ሌላ ሰው የምታወራ ይመስል ቀስ ብላ። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «ጾምኩ ብዬ የወፍ ምሳ በላሁ!» ብላ አለቀሰች።

ደውዬ ይቅርታ እንደምጠይቅላት ነገርኳት። ቀና ብላ አየችኝ። «ሰው በስልክ ይቅርታ ይጠየቃል?» አለች። በደንቡ ቢሆን ሽማግሌ ነው የሚላከው። ግን እዚህ ማንን ትልካለች? ያለኋት እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ አብሬ ያጠፋሁ ነኝ። ጥቂት አሰበችና «ሽማግሌ የለኝም» አለች። «ድንጋይ ግን አይጠፋም።»

አባባሏ ገብቶኝ ደነገጥኩ። በአገሯ የበደለ ሰው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ከተበደለው ደጅ ይንበረከካል። የተበደለው ይቅር ካለ በገዛ እጁ ድንጋዩን ያወርድለታል። ካላወረደለት አልታረቁም። «እማዬ፣ እዚህ ይህን የሚያውቅ የለም፤ አብደሻል ነው የሚሉት» አልኳት። ተነሥታ ወደ ክፍሏ ገባች። የተወችው መሰለኝ።

በማግስቱ ጠዋት በጀበና የፈላ ውሃ ይዛ ወደ ጓሮ ስትወጣ አየኋት፤ ደረጃው ላይ የያዘውን ግግር ልታቀልጥ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ለካ የአበባችንን መደብ ከከበቡት ድንጋዮች አንዱን ከግግሩ ልታላቅቅ ነው። ቀና ስል ጎንበስ ብላ፣ ድንጋዩን ማጅራቷ ላይ ደግፋ፣ በበረዶው መሐል በጠረግኩት ቀጭን መንገድ ወደ ሽማግሌው በር እየሄደች ነው። በቤት ጫማ ሮጬ ወጣሁ። ስደርስ ደጃቸው ላይ ተንበርክካለች። ደወሉን ለመደወል ትርፍ እጅ ስላልነበራት «ቤቶች!» ብላ ተጣራች።

ሽማግሌው በሩን ከፈቱ። ሴትዮዋን አዩ፣ ድንጋዩን አዩ። «የፈጣሪ ያለህ!» አሉና ዎከራቸውን ለቀቁት። እኔ «ይወድቃሉ!» እያልኩ ስጮህ፣ የተሰበረው ዳሌያቸው ትዝም ሳይላቸው ጎንበስ ብለው፣ በሁለት እጃቸው ድንጋዩን ከማጅራቷ ላይ አነሡት። እናቴ በጉልበቷ ሄዳ እግራቸው ላይ ተደፋች። ታለቅስ ነበር፤ ግን የትናንቱን ልቅሶ አይደለም።

አንድ ክንዳቸውን ደግፌ ቆምኩ። ድንጋዩን ሆዳቸው ላይ ታቅፈው ያለከልካሉ።

«ምን ሆነው ነው? ለምን ተሸከሙት?» አሉኝ።

ደንቡን ነገርኳቸው። በደጃቸው ይገባ የነበረው ብርድ ፊታቸውን አቅልቶታል። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ታዲያ እኔ ምን ማድረግ አለብኝ?» አሉ።

«አድርገውታል» አልኳቸው።

ከዚያ ቀን በኋላ መካከላቸው ገብቼ የምደብቀው ነገር አልነበረም። ሽማግሌው እንደ አስተማሪ፣ እናቴ እንደ ተማሪ ሆኑ። ወፍ ከእህሉ ይልቅ በመጀመሪያ መሸሸጊያ ይፈልጋል አሏት። ፈረንጆቹ የእኛ ገና ሳይገባ የእነሱን ገና ጨርሰው ዛፋቸውን መንገድ ዳር ይጥላሉ። እናቴ ያንን አየች። አንዱን ጥድ በግንዱ ይዛ በሰፈሩ መሐል እየጎተተች መጣች፤ ተመልሳ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። እኔ ኮፍያዬን ግንባሬ ድረስ ስቤ ዐሥር እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቼ ስከተላት ዞር ብላ «ምን ያሳፍርሻል? የተሰረቀ ነው?» አለችኝ። ጓሮው ጥግ ላይ ደራርበን አቆምናቸው። ወፎቹ የሚጠጡት በረዶ እንዳይሆን ጠዋትና ከሰዓት ለብ ያለ ውሃ በሳህን ታወጣለች። መመገቢያውን ሽኮኮ ወደማይዘልበት ሽቦ ያዛወረችውም እሷ ናት፤ ሽኮኮውን በአማርኛ ስትረግመው ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል።

አንድ ቀን ሥራ ላይ እያለሁ ሽማግሌው ኮል አደረጉልኝ። ወድቀው ይሆን ብዬ ቶሎ አነሣሁት።

«ጥቁር ቆብ ያላት ትንሿ ወፍ መጣች» አሉኝ በሹክሹክታ። «ዛፉ ውስጥ ናት።»

«ለእናቴ ልንገራት?»

«እናትሽ አጠገቤ ናቸው።»

«ታዲያ ለምን ለእኔ ደወሉ?»

«ለአንድ ሰው መናገር አለብኝ» አሉ። ከበስተጀርባ እናቴ ዝም እንዲሉ ስትቆጣቸው ይሰማኛል፤ ወፏን እንዳያበሩባት።

ከዚያ ሌሎቹም መጡ። ቀዩ ባለ ጉትዬም መጣ፣ ሚስቱን አስከትሎ። በብርዱ ቀለማቸው የሚደበዝዘው እነዚያ ሱፍ ለቃሚ ወፎች ግን ጥቂት ብቻ ነበሩ። ሽማግሌው ስኒያቸውን መጨረስ ጀመሩ። እኔም ከሥራ ስመለስ እናቴን ቤት ሳይሆን እዚያ መስኮት ጋ መፈለግ ለመድኩ።

በግንቦት፣ ምድሩ ሲሞቅ፣ አንድ ከሰዓት ሁለቱ ወንበር አውጥተው ባዶው መደብ ፊት ተቀምጠው አገኘኋቸው። በየዓመቱ በእነዚህ ቀናት ነበር ትናንሾቹ ንቦች አገዳውን በስተው የሚወጡት። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። አገዳ ስላልነበረ ንብም አልነበረም። እናቴ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ አፈሩን ታያለች።

ሽማግሌው ሲያዩኝ «ገና ነው በያቸው» አሉኝ። «ዘንድሮ ስለዘገየ ነው።»

ገና እንዳልሆነ አውቃለሁ። እሳቸውም እንደማውቅ ያውቃሉ። ዐይናቸውን ከእኔ አሸሹ። ወደ እናቴ ዞሬ «እማዬ፣ ገና ነው ይላሉ…» ስል እጇን አነሣች።

«ተይው። አንቺም አትዋሺኝ፣ እሳቸውም አይዋሹኝ። የገደልኩትን አውቃለሁ።» ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ንገሪያቸው» አለችኝ ዐይኗን ከእሳቸው ሳትነቅል፤ «በሚመጣው ብርድ ከዚህ ጓሮ አንዲት ቅጠል የነካ ሰው ጠቡ ከእኔ ጋር ነው።»

አንዲት ቃል ሳልቀንስ፣ ሳላለሰልስ ነገርኳቸው። እሳቸው ሰሙና እጃቸውን ዘርግተው የእናቴን እጅ ያዙ። ሁለቱም ንብ የሌለበትን መደብ ማየት ቀጠሉ፤ እኔም ሦስተኛ ወንበር ላመጣ ወደ ቤት ገባሁ።